ዕዳ ከሜዳ፦ ያልታሰበ ወጪ ያመጣውን ብድር እንዴት ከፍለን እንወጣለን?

በዚህ እትም ላነሳው የፈለግሁት ጉዳይ በብዙዎቻችን ቤት ያለ፣ ግን ብዙዎቻችን ጮክ ብለን የማናወራው ነገር ነው። እሱም ዕዳ ነው። ዕዳ ስል ለሠርግ ድግስ ወይም ለአዲስ ሞባይል የተበደርነውን ማለቴ አይደለም። ሳናስበው አባት ታሞ፣ ላሞች በድርቅ አልቀው፣ የቤት ጣራ በንፋስ ተነቅሎ የሚመጣውን ማለቴ ነው። አማርኛችን ለዚህ ጥሩ ስም አለው፤ «ዕዳ ከሜዳ» ይለዋል።

በዚህ ጽሑፍ መጀመሪያ ዕዳ እንዴት እንደሚያድግ፣ ቀጥሎ በቅደም ተከተል እንዴት እንደሚከፈል፣ በመጨረሻም ከመምጣቱ በፊት ምን ማድረግ እንደሚቻል እንመለከታለን። ምሳሌዎቼን የማመጣው ከማውቀው አካባቢ፣ ከሊበንና ከነገሌ ቦረና ነው። ሌላ አካባቢ ያደጋችሁ የቦታውን ስም ቀይራችሁ አንብቡት፤ ሒሳቡ ያው ነው።

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ዕዳ ምን አገባው?

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን ብዙም ሩቅ አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ በቦረና፣ በጉጂ፣ በሊበንና በአካባቢው ቆላማ ቦታዎች አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚጠበቀው ዋናው ዝናብም፣ በመስከረምና በኅዳር መካከል የሚጠበቀው «ሀገያ» የሚባለው አጭር ዝናብም ሳይመጡ ቀሩ። በ40 ዓመት ውስጥ ያልታየ ድርቅ ተባለ። ያኔ ዜናው ሁሉ የሞቱ ከብቶች ነበር። ካሜራ የያዘ ሁሉ አጥንት ቀረፀ።

በ2015 ዓ.ም. በልግ ላይ ዝናብ መጣ፤ በአንዳንድ ቦታ እንዲያውም ጎርፍ ሆኖ መጣ። ከዚያ በኋላ ዜናው ቆመ። ሣር በቀለ፣ ካሜራው ሄደ። ዕዳው ግን አልሄደም። ለከብት መኖ የተበደሩት፣ በውኃ ቦቴ የገዙት፣ በሱቅ ዱቤ የበሉት ሰዎች ዝናቡ ከመጣ በኋላም መክፈል ነበረባቸው። የሚከፍሉበት ከብት ደግሞ ሞቷል። ስለዚህ እኛ ነገ ዘጋቢ ስንሆን «ስንት ከብት ሞተ?» ብቻ ሳይሆን «ከሞተው በኋላ የመጣው ብድር የት ደረሰ?» ብለን መጠየቅ አለብን። ይህን ለመጠየቅ ደግሞ መጀመሪያ የዕዳን ሒሳብ ማወቅ ያስፈልጋል።

ክሬዲት ካርድና የዱቤ ደብተር

በውጭ ፊልሞች ላይ ሰው በክሬዲት ካርድ ዕዳ ሲጨነቅ እናያለን። ነገሌ ላይ ክሬዲት ካርድ የያዘ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። በኪሳችን ያለው የባንክ ካርድ የራሳችንን ገንዘብ የምናወጣበት እንጂ የምንበደርበት አይደለም። ቢሆንም የክሬዲት ካርዱ ባሕርይ በሌላ ልብስ እኛም ዘንድ አለ።

ክሬዲት ካርድ ማለት በአጭሩ «አሁን ውሰድ፣ ቆይተህ ክፈል፣ ካልጨረስክ ወለድ ጨምር» ማለት ነው። የዛሬው ካርድ አባት የሚባለው ዳይነርስ ክለብ ኒውዮርክ ላይ በ1942 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1950) ሥራ ሲጀምር የምግብ ቤት ሒሳብ በወር መጨረሻ የሚከፈልበት ነበር። ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ የእኛ ባለሱቅ ከመደርደሪያው ሥር ደብተር አውጥቶ «ስኳር 2 ኪሎ፣ ዘይት 1 ሊትር» ብሎ ሲጽፍ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ልዩነቱ ባለሱቁ ብዙ ጊዜ ወለድ አለመጻፉ ነው።

አሁን ደግሞ ስልካችን ራሱ አበዳሪ ሆኗል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ተጀመረ። በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» የተባለውን አነስተኛ ብድርና «እንደኪሴ» የተባለውን፣ ሒሳባችን ሲጎድል የሚሞላልንን አገልግሎት ጨመረ። እንደኪሴ ከክሬዲት ካርድ ጋር በጣም የሚቀራረብ ነገር ነው። ለድንገተኛ ነገር ይጠቅማል። ነገር ግን ክፍያ አለው፣ የመመለሻ ቀንም አለው። ጣት ስለነካችው ብቻ ብድር መሆኑ አይቀርም።

እውነተኛው የክሬዲት ካርድ ዕዳም ቢሆን ነገሌ ይደርሳል፤ የሚመጣው በዘመድ በኩል ነው። ሚኒሶታም ሆነ ሌላ ቦታ ያለ ወንድም «አባትህ ሆስፒታል ገብቷል» ሲባል በእጁ ገንዘብ ባይኖረው ከካርዱ ጥሬ ገንዘብ አውጥቶ ሊልክ ይችላል። በካርድ ዕቃ ሲገዛ አብዛኛውን ጊዜ ወለድ የማይቆጠርበት የእፎይታ ጊዜ አለ። ጥሬ ገንዘብ ሲወጣ ግን ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል። ልጁ ለምሳሌ 5 ሺህ ዶላር በዓመት 24 በመቶ ወለድ ተበደረ እንበል። የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 100 ዶላር ነው። በየወሩ 150 ዶላር ቢከፍል ለመጨረስ 56 ወር ይፈጅበታል፤ ከ3,300 ዶላር በላይ ወለድ ይከፍላል። በየወሩ 250 ቢከፍል ግን በ26 ወር ይጨርሳል፤ ወለዱም ወደ 1,450 ዶላር ይወርዳል። እኛ እዚህ «ፈረንጅ አገር ያለ ሰው አይቸግረውም» ብለን የተቀበልነው ገንዘብ እዚያ አምስት ዓመት ሊጠጋ የሚችል ዕዳ ሆኖ ይቆያል።

አሜሪካኖች በ2001 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 2009) አንድ ሕግ አወጡ። ካርድ ሰጪው በየወሩ በሚልከው ሒሳብ ላይ «ዝቅተኛውን ክፍያ ብቻ ብትከፍል ይህን ያህል ዓመት ይፈጅብሃል፣ ጠቅላላው ይህን ያህል ይሆናል» ብሎ እንዲጽፍ ያስገድዳል። ለባለ ዕዳው የማይታየውን ነገር በግልጽ ለማሳየት ነው። በእኛ አገር በዱቤ ደብተርም ሆነ በአራጣ አበዳሪ ወረቀት ላይ ይህን የሚጽፍልን የለም። ስለዚህ ራሳችን መጻፍ አለብን ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ

ነገሩን በሒሳብ እንየው። የማመጣው ሰው እውነተኛ አይደለም፤ ለትምህርት የተሠራ ምሳሌ ነው። በነገሌ ገበያ አካባቢ ሻይና ቁርስ የሚሸጡ አንድ እናት አሉ እንበል። ታላቅ ልጃቸው ባጃጅ ይነዳል። ከከተማው ወጣ ብሎ ዘመድ ጋ የሚጠበቁ ጥቂት ፍየሎችና አንዲት የምትታለብ ላም አላቸው። የቤቱ አባወራ ድንገት ታመሙና ወደ ሐዋሳ ሪፈር ተጻፈላቸው። ሕክምናው አንድ ወጪ ነው። ትራንስፖርቱ፣ የአስታማሚው አልጋና ምግብ፣ መድኃኒቱ፣ በዚያ ላይ የተዘጋው ሻይ ቤት ሌላ ወጪ ነው። ሲደመር 60 ሺህ ብር ሆነ። ገንዘቡ የተገኘው ከአራት ቦታ ነው፦

1ኛ/ ከአራጣ አበዳሪ 20 ሺህ ብር፣ በወር 10 በመቶ፤

2ኛ/ ከአነስተኛ ብድር ተቋም 24 ሺህ ብር፣ በዓመት 18 በመቶ፣ በ12 ወር የሚያልቅ፤ የወሩ ክፍያ 2,200 ብር ገደማ፤

3ኛ/ ከሰፈር ሱቅ በዱቤ 6 ሺህ ብር፣ ያለ ወለድ፤

4ኛ/ ከዘመድ 10 ሺህ ብር፣ ያለ ወለድ።

ቤተሰቡ ከቀለብና ከቤት ኪራይ ተርፎት በየወሩ ለዕዳ ሊያውል የሚችለው 6 ሺህ ብር ነው እንበል። እስቲ እናስላው።

መጀመሪያ ብዙዎቻችን የምናደርገውን እናድርግ። ሰው የሚከፍለው ለጮኸው ነው። ዘመድ ያኮርፋል፣ ባለሱቁ በየቀኑ ያየናል። አራጣ አበዳሪው ግን ወለዱን ብቻ ከሰጡት ዝም ይላል፤ እንዲያውም «ችግር የለም፣ ዋናው ይቆይ» ይላል። ስለዚህ በየወሩ 2,200 ለተቋሙ፣ 2,000 ለአራጣው ወለድ፣ የቀረው 1,800 ለሱቅና ለዘመድ ይሄዳል። በ9ኛው ወር ሱቁና ዘመዱ ያልቃሉ፤ እፎይ ይባላል። ነገር ግን እስከዚያ ድረስ አራጣ አበዳሪው 18 ሺህ ብር ወስዷል፤ ዋናው 20 ሺህ ደግሞ አልተነካም! ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ እሱ ቢያዞሩ በ15ኛው ወር ይጨርሳሉ። ለአራጣው የተከፈለው ወለድ ብቻ 26 ሺህ ብር ይሆናል። ከተበደሩት ይበልጣል።

አሁን ደግሞ ቅደም ተከተሉን እንቀይረው። እናትየው ባለሱቁንና ዘመዱን አነጋግረው «ስምንት ወር ታገሱኝ» ይላሉ። በየወሩ 2,200 ለተቋሙ ከፍለው የቀረውን 3,800 በሙሉ ለአራጣው ያውላሉ። በመጀመሪያው ወር 2,000 ወለድ፣ 1,800 ዋናውን ይቀንሳል። በሁለተኛው ወር ወለዱ 1,820 ይሆናል። እንዲህ እያለ በ8ኛው ወር የአራጣው ዕዳ ያልቃል። ከዚያ ያው 3,800 ወደ ሱቅና ወደ ዘመድ ይዞራል። በ13ኛው ወር መጀመሪያ ላይ ሁሉም ያበቃል። ለአራጣው የተከፈለው ወለድ 9,800 ብር ገደማ ነው።

ልብ በሉ! ዕዳው ያው 60 ሺህ ነው። በወር የሚከፈለውም ያው 6 ሺህ ነው። የተቀየረው ተራው ብቻ ነው። ልዩነቱ ከ16 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ይህ ገንዘብ ለአንድ ልጅ የትምህርት ወጪ፣ ለሻይ ቤቱ ዕቃ ወይም ለፍየል መግዣ የሚሆን ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና መልእክት እዚህ ላይ ነው፦ ዕዳ የሚያድገው በተበደርነው መጠን ብቻ ሳይሆን በተሳሳተ ተራ በመክፈላችን ጭምር ነው። ተራውን የሚያሳስተን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሐፍረት ነው።

የአከፋፈሉ ቅደም ተከተል

ከላይ ካየነው ተነስተን ደረጃዎቹን እንዲህ ማስቀመጥ እንችላለን።

*ሀ) ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍ።* ለማን፣ ስንት፣ በምን ያህል ወለድ፣ እስከ መቼ። ስንጽፍ ወለዱን ወደ አንድ መለኪያ እንቀይረው። «በወር 10» ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ በዓመት ግን 120 በመቶ ነው። «በዓመት 18» ሲባል ትልቅ ይመስላል፤ በወር ግን 1 ብር ከ50 በመቶ ብር ነው። ሰው በወርና በዓመት መካከል ይደናገራል። ወረቀቱን የቤቱ ሰው ሁሉ ይየው። ባል ከሚስት፣ ልጅ ከእናት የሚደብቀው ዕዳ ሁለት ጊዜ ይከፈላል የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይበደራሉና።

*ለ) አዲስ ብድር ማቆም።* አንዱን ዕዳ በሌላ ዕዳ መክፈል ጉድጓድ ለመድፈን ሌላ ጉድጓድ መቆፈር ነው። ልዩ ሁኔታ የሚሆነው አንድ ብቻ ነው፤ አዲሱ ብድር ከአሮጌው በጣም የሚረክስ ሲሆንና በእርግጥም አሮጌውን ለመዝጋት ብቻ ሲውል። በምሳሌያችን እናትየው የዕቁብ ዕጣ ቀድሞ ቢደርሳቸው ወይም ዳኛውን ለምነው ቢወስዱ ቀጥታ አራጣውን ቢዘጉበት ትልቅ ትርፍ ነው። በዕቁቡ ገንዘብ አዲስ ሶፋ ቢገዙበት ግን ያው ናቸው።

*ሐ) በወለድ ውድ የሆነውን አስቀድሞ፣ ሌላውን በትንሹ።* ከተቋም የተወሰደው ብድር በወሩ መከፈል አለበት። በተለይ በቡድን ዋስትና የተወሰደ ከሆነ እኛ ስንቀር የሚጠየቁት አብረውን የፈረሙ ጎረቤቶቻችን ናቸው። የተረፈው ሁሉ ግን ወደ ውዱ ዕዳ ይሂድ።

*መ) ወለድ የሌላቸውን አበዳሪዎች ቀርቦ ማነጋገር።* ከባለሱቁ መደበቅ፣ በሌላ መንገድ ዞሮ ማለፍ የተለመደ ነው። እሱ ግን የሚፈራው ገንዘቡ መዘግየቱን ሳይሆን መጥፋቱን ነው። «ኦቦ፣ ያለብኝ 6 ሺህ ነው። አባታችን ታመውብን ነው። እስከ ስምንት ወር ታገሱን፣ ከዚያ በየወሩ እንከፍላለን፤ እስከዚያ የምንወስደውን ዕቃ በእጅ በእጅ እንገዛለን» ብሎ ቀን መቁረጥ ከመደበቅ ይሻላል። የተባለው ቀን ሲደርስ ትንሽም ቢሆን ይዞ መገኘት ያስፈልጋል።

*ሠ) የሚሸጥና የማይሸጥ ንብረትን መለየት።* እዚህ ላይ የቆላው ሰው ከከተማው ሰው የተለየ ጥያቄ አለበት። እናትየው 10 ሺህ ብር የሚያወጡ ፍየሎች ሸጠው በመጀመሪያው ቀን ለአራጣው ቢሰጡ ዕዳው በ8 ወር ፈንታ በ4 ወር ያልቃል። ወለዱም ከ9,800 ወደ 2,200 ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ መሸጥ ያዋጣል። ምን ይሸጥ ነው ጥያቄው። የምትታለበውን ላም መሸጥ በየቀኑ የሚገባውን ወተት አብሮ መሸጥ ነው። ባጃጁን መሸጥም የሚከፍለውን እጅ መቁረጥ ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዲሉ ማለት ነው። የሚሸጠው ገቢ የማያመጣው ነው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። በድርቅ ወራት ሁሉም ሰው ስለሚሸጥና ከብቱም ስለሚከሳ የከብት ዋጋ ይወርዳል፤ በዚያው ወቅት የእህል ዋጋ ይወጣል። አርብቶ አደሩ ከሁለቱም ወገን ይመታል። ስለዚህ ዕዳ እንዳለበት የሚያውቅ ሰው በጋው ሳይጠና፣ እንስሳው ሥጋ ሳለ መሸጥ ይሻለዋል። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚባለው ለዕርቅ ብቻ አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው አራጣ ሕገወጥ መሆኑን ይሰማል፤ ወሰኑን ግን አያውቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በብድር ውል ላይ ተዋዋዮች ከዓመት 12 በመቶ በላይ ወለድ መስማማት እንደማይችሉ ይደነግጋል። የወለዱ መጠን በጽሑፍ ካልተወሰነ ደግሞ 9 በመቶ ነው። (የባንኮችና የአነስተኛ ብድር ተቋማት ወለድ በራሱ ደንብ የሚመራ ስለሆነ ከዚህ ይለያል።) በወር 10 በመቶ የሚያበድር ግለሰብ እንግዲህ ከወሰኑ አሥር እጥፍ አልፏል። የሰውን ችግር መጠቀሚያ አድርጎ በአራጣ ማበደር በ1996ቱ የወንጀል ሕግም ያስቀጣል።

ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። አራጣ አበዳሪ «በወር 10» ብሎ በወረቀት አይጽፍም። 20 ሺህ ሰጥቶ 30 ሺህ እንደሰጠ ያስፈርማል። ፍርድ ቤት የሚያየው የተፈረመውን ነው። ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ በቀር በምስክር ብቻ እንዳይረጋገጥ ስለሚያደርግ ፊርማችን ከባድ ነው። ስለዚህ የማናነበውን ወረቀት አንፈርም። በቋንቋው ማንበብ የማይችል ወላጅ ካለን እኛ ልጆቹ አብረን እንሂድ። ስንከፍልም በየጊዜው ደረሰኝ ወይም የተፈረመ ማስታወሻ እንያዝ፤ በባንክ ወይም በስልክ መክፈል ደግሞ በራሱ ማስረጃ ይተዋል።

ወለድ በእምነታቸው የማይፈቀድላቸው ብዙ ቤተሰቦች በአካባቢያችን አሉ። ለእነሱ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ የጀመሩት ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች፣ እንዲሁም በሌሎች ባንኮች ውስጥ ያሉት ከወለድ ነፃ መስኮቶች አማራጭ ሆነዋል። በእነዚህ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ ነግሮ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ይሸጣል። ለሥራ ዕቃ ይጠቅማል፤ ለሆስፒታል አጣዳፊ ወጪ ግን ብዙም አይደርስም። ስለዚህ ለአጣዳፊው ወጪ ወደ ቤተሰብና ወደ ጎሳ መዞር ይመጣል።

ከቦረና አባቶች የምንማረው

ቦረናዎች ድንገተኛ ኪሳራን የሚይዙበት የቆየ ሥርዓት አላቸው፤ «ቡሳ ጎኖፋ» ይባላል። ከብቱ በድርቅ፣ በበሽታ ወይም በዘረፋ ያለቀበት ሰው ጉዳዩን ለጎሳው ጉባኤ ያቀርባል። ጉባኤው ይሰማል፣ ያጣራል፣ ከዚያ ካላቸው ላይ ከብት ይወጣለታል፤ እንደገና እንዲቆም። «ዳባሬ» የሚባል ሌላም አለ። ይህ የምትታለብ ላምን ለቸገረው ዘመድ ማዋስ ነው፤ ወተቱ የተዋሰው ነው፣ ላሟ ግን የባለቤቷ ናት።

ልብ በሉ፣ በቡሳ ጎኖፋ የመጀመሪያው እርምጃ መናገር ነው። ሰውየው በሰው ፊት ቆሞ «አልቆብኛል» ይላል። ይህን ማለቱ ውርደት አይደለም፤ መብቱ ነው። ከተማ ስንገባ ያጣነው ይህን ይመስለኛል። ነገሌ ላይ ሻይ የሚሸጡት እናት በሐፍረት ዕዳቸውን ደብቀው በድብቅ ወደ አራጣ ይሄዳሉ። ዕዳው ሲገለጥ ደግሞ ከአቅም በላይ ሆኗል። ገጠር ያለው ወንድማቸው ግን ጉባኤ ፊት ይናገራል።

ሥርዓቱ ሁሉን አይፈታም። በ2013–2015ቱ ድርቅ የሰጪውም የተቀባዩም ከብት አንድ ላይ ስላለቀ ሰጪ ጠፋ። የኦሮሚያ ክልልም ቡሳ ጎኖፋን በክልል ደረጃ ተቋም አድርጎታል፤ አንድ ጎሳ ወይም አንድ ዞን ብቻውን የማይችለው አደጋ ሲመጣ ከሌላ አካባቢ እንዲደርስ። ዕድርም በመጠኑ ይህንኑ ያደርጋል። ነገር ግን አብዛኛው ዕድር ሰው ሲሞት እንጂ ሲታመም አይከፍልም። ለምን ለሕመምም አያበድርም የሚለውን በየሰፈራችን ብናነሳው ደግ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እየተባለ የተወረሰው ለዚህ ነው።

ከመምጣቱ በፊት

ዕዳ ከሜዳ ስለሚመጣ ሙሉ በሙሉ መከልከል አይቻልም። መጠኑን መቀነስ ግን ይቻላል። በአካባቢያችን ያሉትን ሦስት መንገዶች ብቻ ልጥቀስ።

የመጀመሪያው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ከዚያ የሰፋ ነው። መደበኛ ደመወዝ የሌለው ቤተሰብ በዓመት መዋጮ ከፍሎ አባል ይሆናል፤ ሲታመም በተዋዋሉ ጤና ተቋማት ይታከማል። ምዝገባው በዓመት በተወሰነ ወቅት ስለሆነ ከታመሙ በኋላ ሮጦ መመዝገብ አይቻልም። በምሳሌያችን ቤተሰቡ አባል ቢሆን ኖሮ ትራንስፖርቱና አልጋው ባይቀርም ዕዳው 60 ሺህ አይደርስም ነበር።

ሁለተኛው የእንስሳት መድን ነው። በ2004 ዓ.ም. የኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር በቦረና የጀመረው ይህ መድን የሞተ ከብት አይቆጥርም። ሳተላይት የግጦሹን አረንጓዴነት ይለካል፤ ከተወሰነው በታች ሲወርድ ለገዙት ሁሉ ይከፍላል። ጥሩ ጎኑ ፈጣንነቱ ነው። ደካማ ጎኑ ደግሞ የሰፈሩ ሣር ደህና ሆኖ የአንድ ሰው ከብት በበሽታ ቢያልቅ አለመክፈሉ ነው። ይህን ሳያስረዱ የሚሸጡለት ሰው በኋላ «ተታለልኩ» ይላል። እዚህ ላይ በኦሮምኛና በሶማልኛ ግልጽ አድርጎ ማስረዳት የኛ የጋዜጠኞቹ ሥራ ነው።

ሦስተኛው በ2011 ዓ.ም. የወጣው የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና አዋጅ ነው። ቀደም ሲል ባንክ የሚጠይቀው ቤት ወይም መኪና ነበር። በአዋጁ መሠረት እንስሳትንና ሌላ ተንቀሳቃሽ ንብረትን አስመዝግቦ ለብድር ማስያዝ ይቻላል። አርብቶ አደሩ ሀብታም ሆኖ ሳለ «ዋስትና የለህም» እየተባለ ወደ አራጣ የሚገፋበት አንዱ ምክንያት በሕግ ደረጃ ተነስቷል ማለት ነው። በተግባር የት እንደደረሰ በየቅርንጫፉ ሄዶ መጠየቅ ጥሩ የዘገባ ርእስ ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል። ዕዳ ሲመጣ መጀመሪያ ይጻፍ፣ ከዚያ ይነገር፣ ከዚያ ውዱ ቀድሞ ይከፈል። የተጻፈና የተነገረ ዕዳ ትልቅም ቢሆን ማለቂያ ቀን አለው። በመጪው የዕረፍት ጊዜ ቤት ስንገባ ከወላጆቻችን ጋር ተቀምጠን ያችን አንድ ገጽ ወረቀት ብንጽፍ፣ ከትምህርታችን ቢያንስ አንድ ነገር ለቤታችን ጠቀመ ማለት ነው።

*ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች*

1. በሰፈራችሁ ያለው ዕድር ለታመመ አባል ያበድራል? ካላበደረ ደንቡ ምን ይላል?

2. በምሳሌው ውስጥ ቤተሰቡ በወር ሊከፍል የሚችለው 6 ሺህ ሳይሆን 4,200 ብር ብቻ ቢሆን ምን ይፈጠራል? አስሉት፤ መልሱ ለምን ብዙ ቤተሰብ ከአራጣ እንደማይወጣ ያሳያችኋል።

3. ስለ አንድ ድርቅ ዘገባ ስትሠሩ ዝናቡ ከዘነበ ከአንድ ዓመት በኋላ ተመልሳችሁ የምትጠይቋቸው ሦስት ሰዎች እነማን ይሆናሉ? ለምን?